ገቢና ጥሪት፦ ብሔራዊ ቁጥሮች ስለ ሽኩና ዳሌት የሚሉትና የማይሉት

የአንድ ቤተሰብ ኑሮ በሁለት ነገር ይለካል። አንደኛው ገቢ ነው፤ በየወሩ የሚገባው ደሞዝ፣ የብሔራዊ መድን ተቋሙ የቢቱዋሕ ለኡሚ ክፍያ፣ የጡረታ አበል። ሁለተኛው ጥሪት ነው፤ ዕዳ ሲቀነስለት የሚቀረው ቤት፣ ቁጠባ፣ የጡረታ ፈንድና ሌላው ንብረት። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ደህና ደሞዝ እያገኘ ምንም ያልቋጠረ ቤተሰብ አለ፤ አበሉ ትንሽ ሆኖ ማሽካንታውን (የቤት ብድሩን) ከፍሎ በጨረሰ ቤት የሚኖር ሽማግሌም አለ። የእስራኤል መንግሥት የሚያወጣቸው አኃዞች ስለ ገቢ ብዙ ይናገራሉ፤ ስለ ግብርም ስለ በጀትም አይሰስቱም። ስለ ጥሪት ግን ዝምታ ይበዛቸዋል። ከኢትዮጵያ በመጡ ቤተሰቦችና በቀረው የአገሩ ሕዝብ መካከል ያለው ልዩነት ከሁሉ የሚሰፋው በዚሁ ዝምታ ውስጥ እንደሆነ ለማመን በቂ ምክንያት አለ።

ሽኩና ዳሌት ይህን ነገር ለማየት የሚመች ሰፈር ነው። የሚገኘው በቤር ሼቫ ሰሜናዊ ክፍል፣ ከሶሮካ ሆስፒታልና ከቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ነው። ግራጫ የሽኩን (የመንግሥት መኖሪያ) ሕንፃዎቹ መሠራት የጀመሩት በ1960ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ መንግሥት ለኦሊም (ወደ እስራኤል ለሚገቡ አይሁድ) በፍጥነት መጠለያ ማቅረብ በነበረበት ዘመን ነው። ከሰሜን አፍሪካ የመጡትን ከሶቪየት ኅብረትና ከኢትዮጵያ የመጡት ተከተሏቸው፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የበደዊን ቤተሰቦችም ይኖሩበታል። በአንድ ደረጃ ላይ ከ1991 ጀምሮ የኖሩ አያትና በጥቅምት ገብቶ በሰኔ የሚወጣ ተማሪ በር ለበር ይገናኛሉ። ለስታቲስቲክስ ባለሙያ ይህ ራስ ምታት ነው፤ አማካይ የሚባለው ቁጥር እንዲህ ባለ ደረጃ ላይ የማንንም ኑሮ አይገልጽም።

አኃዞቹን የሚሰበስበው ዋናው ተቋም በ1948 የተቋቋመው ማዕከላዊው የስታቲስቲክስ ቢሮ፣ በዕብራይስጥ ምኅጻሩ ላማስ ነው። ምንጮቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። በብዙ ዓመታት አንዴ የሚደረግ የሕዝብ ቆጠራ አለ፤ የመጨረሻው በ2022 ተካሂዷል። ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ለራሳቸው ሥራ የሚይዟቸው መዝገቦች አሉ፤ የሕዝብ መዝገብ፣ የግብር ባለሥልጣንና የቢቱዋሕ ለኡሚ ፋይሎች። ሦስተኛው ናሙና ነው፤ የተመረጡ ቤተሰቦች ገቢያቸውንና ወጪያቸውን በዝርዝር የሚያስመዘግቡበት የቤተሰብ ወጪ ጥናት የዚህ ዓይነት ነው። ቢሮው በየዓመቱ በማኅበረሰቡ የስግድ በዓል ሰሞን ስለ ኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን የተለየ መግለጫ ያወጣል። በዚያ መግለጫ መሠረት በ2022 መጨረሻ ቁጥራቸው 168,800 ገደማ ነበር። ከእነዚህ 92,000 ያህሉ የተወለዱት በኢትዮጵያ ሲሆን የቀሩት በእስራኤል ተወልደው አባታቸው በኢትዮጵያ የተወለደ ናቸው። በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች ነታንያ ቀዳሚዋ ናት፤ ቤር ሼቫም ከፊተኞቹ ትመደባለች።

መግለጫው የሚመራበት ፍቺ ልብ ሊባል ይገባዋል። በእስራኤል የተወለደ ሕፃን ኢትዮጵያዊ ተብሎ የሚቆጠረው አባቱ በኢትዮጵያ ከተወለደ ነው። በ1984 በሱዳን በኩል በተደረገው ዘመቻ ሙሴ በሕፃንነቱ የመጣ ሰው ልጆች ይቆጠራሉ። በቤር ሼቫ የተወለደው ልጁ ሲያገባና ሲወልድ ግን፣ ያ ሦስተኛ ትውልድ በዚህ ፍቺ የእስራኤል ተወላጅ ልጅ ሆኖ ከዓምዱ ይወጣል። ከዓምዱ ቀድመው የሚወጡት ደግሞ አስቀድመው ከመጡት፣ ረጅም ጊዜ ከቆዩትና ብዙውን ጊዜ በተሻለ ሁኔታ ላይ ከሚገኙት ቤተሰቦች የሚወለዱት ናቸው። በሌላው በር ከአዲስ አበባና ከጎንደር አዳዲስ ኦሊም ይገባሉ። ስለዚህ የማኅበረሰቡ አማካይ ገቢ በዝግታ ከፍ አለ ሲባል፣ ከዝግታው ምን ያህሉ የኑሮ፣ ምን ያህሉ የአቆጣጠሩ ውጤት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ሌላው ችግር የናሙናው ማነስ ነው። የወጪ ጥናቱ በዓመት ወደ 9,000 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ይጠይቃል። ለአገር በቂ ነው። ኢትዮጵያውያን ግን ከሕዝቡ 1.7 በመቶ ገደማ ስለሆኑ፣ በናሙናው ውስጥ በተራ ዕጣ የሚገቡት 150 ቤተሰብ ቢሆኑ ነው። በ150 ቤተሰብ ላይ የተመሠረተ የድሆች ድርሻ፣ ለምሳሌ 40 በመቶ ተብሎ ቢነገር፣ እውነተኛው ቁጥር ከ32 እስከ 48 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት 45 ቢባል ጋዜጣ “ድህነት ጨመረ” ብሎ ይጽፋል፤ ባለሙያው ግን ምንም የተለወጠ ነገር መኖሩን ማረጋገጥ አይችልም። ወደ ቤር ሼቫ ሲወረድ ከዚያ ናሙና የሚቀሩት ቤተሰቦች ከአሥር እምብዛም አይበልጡም። ወደ ሽኩና ዳሌት ሲወረድ በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። “በሰፈራችን ያለ የኢትዮጵያዊ ቤተሰብ በአማካይ ይህን ያህል ያወጣል” የሚል ሰው ከየት እንዳመጣው ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ከዚህ ጥናት ሊያመጣው አይችልምና።

ለሰፈር የሚያገለግለው ሌላ መሣሪያ ነው። ላማስ ከተሞችን ሁሉ በማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ደረጃ ከ1 እስከ 10 ይመድባል፤ 1 የደከመው፣ 10 የበረታው ነው። ከቤር ሼቫ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ርቃ የምትገኘው ዖሜር በላይኛዎቹ ደረጃዎች ትመደባለች፤ በሰሜን በኩል ያለችው የበደዊኖች ከተማ ራሃት ከታች በ1 ላይ ናት። ቤር ሼቫ ራሷ መሐል ላይ ትውላለች። ከተማዋ ግን እንደገና በትናንሽ የስታቲስቲክስ ቀበሌዎች ትከፋፈላለች፤ እያንዳንዱ ጥቂት ሺህ ነዋሪ ይይዛል፤ እያንዳንዱም የራሱን ደረጃ ያገኛል። ከመሐለኛው የከተማዋ ደረጃ በስተጀርባ የቅንጡ ቤቶች ሰፈርም፣ የመንግሥት ቤቶች አከራይ የሆነው የአሚዳር ሕንፃዎች ያሉበት ሰፈርም ተደብቀው እንደሚኖሩ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃው የሚሰላው ከ14 መመዘኛዎች ነው። የነዋሪው ዕድሜ፣ አራትና ከዚያ በላይ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ድርሻ፣ የትምህርት ዓመታት፣ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች፣ ከዝቅተኛው ደሞዝ በታች የሚያገኙ፣ ከአማካይ ደሞዝ እጥፍ በላይ የሚያገኙ፣ የገቢ ድጎማ የሚቀበሉ፣ የነፍስ ወከፍ ገቢ፣ የመኪና ብዛት፣ ለመኪና ፈቃድ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ነዋሪው በውጭ አገር ያሳለፋቸው ቀናት ሳይቀሩ ይገባሉ። ከ14ቱ አንዱም ግን ነዋሪው የሚኖርበት ቤት የራሱ መሆኑን አይጠይቅም። በባንክ ያለውንም፣ የማሽካንታ ዕዳውንም አይጠይቅም። መኪናና የአውሮፕላን ጉዞ የሀብት ጥላ ናቸው፤ ጥላውን ለክቶ ዛፉን መተው ግን ይገርማል። በዳሌት ላይ ደግሞ ሌላ መዛባት ይጨመራል፤ ብዙ ተማሪ አድራሻውን ሳይቀይር በወላጆቹ ከተማ እንደተመዘገበ ስለሚኖር፣ በደረጃው ላይ በየቀኑ የሚታየው ጎረቤት በመዝገብ ላይ የለም።

ድህነትን የሚለካው ሌላ ተቋም ነው። በ1954 ሥራ የጀመረው ቢቱዋሕ ለኡሚ በየዓመቱ የድህነት ሪፖርት ያወጣል። የ2023ቱ ሪፖርት ከእስራኤል ነዋሪ 20.7 በመቶው፣ 1.98 ሚሊዮን ሰው ገደማ፣ ከድህነት መስመር በታች ይኖር እንደነበር ያሳያል፤ ከልጆች መካከል ድርሻው 27.9 በመቶ ነበር። መስመሩ የሚሰመረው እንዲህ ነው። የቤተሰቡ የተጣራ ገቢ ለ“መደበኛ ነፍስ” ይካፈላል፤ ከዚያ የአገሩ ነዋሪ ሁሉ በተርታ ቢሰለፍ መካከል ላይ የሚቆመው ሰው ገቢ ይወሰድና ግማሹ መስመር ይሆናል። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ነገሩ ያለው ግን “መደበኛ ነፍስ” በምትባለዋ ላይ ነው።

አብረው የሚኖሩ ሰዎች ኪራይና መብራት ስለሚጋሩ፣ ስድስት ሰው የሁለት ሰው ሦስት እጥፍ አያስፈልገውም። በእስራኤል መለኪያ ብቻውን የሚኖር ሰው 1.25፣ ሁለት ሰዎች 2፣ ሦስት 2.65፣ አራት 3.2፣ አምስት 3.75፣ ስድስት 4.25 መደበኛ ነፍስ ተብለው ይቆጠራሉ። በወር 12,000 ሸቀል የተጣራ ገቢ ያላቸው ባልና ሚስት ለእያንዳንዱ መደበኛ ነፍስ 6,000 ይደርሳቸዋል። በዚሁ ገቢ አራት ልጆች ሲያሳድጉ 2,823 ይሆናል። የሁለቱን ኑሮ ለመድረስ የስድስቱ ቤት 25,500 ሸቀል ማስገባት አለበት። እስራኤል በ2010 አባል የሆነችበት የበለጸጉ አገሮች ድርጅት፣ ኦኢሲዲ፣ የሚጠቀምበት ሌላ መለኪያ ግን ለዚያው ስድስት ሰው ቤት ወደ 20,800 ይበቃዋል ይላል። ሰዎቹ፣ ገንዘቡና ገበያው አንድ ሆነው ሳለ፣ አንድ ቤተሰብ በአንዱ ሪፖርት ድሃ፣ በሌላው ድሃ ያልሆነ ሊሆን ይችላል። ልጅ የሚበዛበት ማኅበረሰብ በእስራኤሉ መለኪያ ይበልጥ ድሃ ሆኖ ይታያል፤ ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ እናት ያለችባቸው ቤቶች ድርሻም በኢትዮጵያውያን ዘንድ ከአይሁድ ሕዝብ አማካይ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ፣ አንድ ደሞዝ ለብዙ ነፍስ የሚካፈልበት ቤት ጥቂት አይደለም። ያም ሆኖ ሪፖርቱ የሚያየው ገቢን ብቻ ነው። ኪራይ የሚከፍለውና በራሱ ቤት የሚኖረው፣ ገቢያቸው እኩል ከሆነ፣ በሪፖርቱ ፊት እኩል ናቸው።

ወደ ግብር ሲመጣ የብዙ ሰው ዓይን ትሉሹ (የደሞዝ ወረቀቱ) ላይ ያርፋል። በሚያዝያ 2025 ዝቅተኛው የወር ደሞዝ 6,248 ሸቀል ገደማ ሆነ። የመጀመሪያው የገቢ ግብር እርከን 10 በመቶ ሲሆን ከዚህ ላይ የነኩዶት ዚኩይ (የግብር ቅናሽ ነጥቦች) ዋጋ ይቀነሳል። በዚያው ዓመት አንዷ ነኩዳ በወር 242 ሸቀል ነበረች፤ ማንኛውም ነዋሪ ወንድ 2.25፣ ሴት 2.75 አላቸው። በዚህ ደሞዝ የሚሠራ ወንድ 625 ሸቀል ግብር ይሰላበትና 544.50 ተቀንሶለት የሚቀርበት 80 ሸቀል ብቻ ነው፤ ለጡረታ ቁጠባው የሚሰጠው ቅናሽ ሲታከል እሱም ይጠፋል። ሴቷ ያለዚያም ምንም አትከፍልም። ከገቢ ግብሩ ይልቅ የሚከብደው ለቢቱዋሕ ለኡሚና ለጤና የሚቆረጠው፣ ወደ 267 ሸቀል የሚደርሰው ነው፤ 375 ገደማ ደግሞ ወደ ጡረታ ፈንዱ ይገባል፤ ይህኛው ግብር ሳይሆን የሠራተኛው የራሱ ጥሪት ነው። ድሃው ግብር አይከፍልም የሚለው ወሬ የሚነሣው ትሉሹን ብቻ ከማየት ነው።

ዋናው ግብር ያለው ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው። ማዓም (የተጨማሪ እሴት ታክስ) የተጀመረው በ1976 በ8 በመቶ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ወጥቶና ወርዶ በጥር 2025 ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሏል። ከላይ የተጠቀሰው ሠራተኛ ከሚተርፈው 5,500 ሸቀል ውስጥ 3,000ውን ማዓም ባለበት ዕቃ ላይ ቢያወጣ፣ በዋጋው ውስጥ ተደብቆ የሚከፍለው ግብር 458 ሸቀል ነው፤ ከዚያ 80 ሸቀል አምስት እጥፍ ተኩል በላይ። ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ከማዓም ነጻ ናቸው። ለወጡ የሚገዛው ሽንኩርት ግብር የለበትም፤ የተፈጨው በርበሬና የእንጀራው ጤፍ ግን አለባቸው። ማዓም ለሀብታምም ለድሃም አንድ ምጣኔ ስለሆነ እኩልነት ይመስላል። ነገር ግን ድሃው ያገኘውን ሁሉ ያወጣል፤ ሀብታሙ ከሚያገኘው የተወሰነውን ይቆጥባል፤ ለተቆጠበው ገንዘብ በዚያ ወር ማዓም አይከፈልም። ከገቢው ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል።

አርኖናም (የማዘጋጃ ቤት ግብር) የራሱ ጠባይ አለው። የሚሰላው በቤቱ ዋጋ ሳይሆን በስፋቱ ነው፤ የሚከፍለውም የቤቱ ባለቤት ሳይሆን በውስጡ የሚኖረው ነው። ተከራይ ይከፍላል፤ አከራይ አይከፍልም። አከራዩ ከመኖሪያ ቤት ኪራይ የሚያገኘው ገንዘብ በ2025 በወር እስከ 5,654 ሸቀል ድረስ ከገቢ ግብር ነጻ ነበር። በዳሌት እንዳሉት ያለ አሮጌ አፓርታማ ገዝቶ በ4,500 ሸቀል ለሦስት ተማሪዎች ያከራየ ሰው በዚያ ገቢ ላይ ግብር ላይከፍል ይችላል። ያንኑ 4,500 ሸቀል በማታ የጽዳት ሥራ የሚጨምር ሠራተኛ ግን በደሞዙ ላይ ተደምሮበት ግብርና ቢቱዋሕ ለኡሚ ይቆረጥበታል። አንድ ቤት ብቻ ያለው ሰው ቤቱን ሲሸጥ፣ በሕግ በተወሰነ ጣሪያ ውስጥ፣ ከትርፉ ግብር አይከፍልም። የውርስ ግብርም የለም፤ በ1949 ተደንግጎ የነበረው ሕግ በ1981 ተሽሯል። የእስራኤል የግብር ሥርዓት ደሞዝ ላይ ጥርት ያለ ዓይን አለው፤ ቤትና ውርስ ላይ ግን ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ይህ የፖለቲካ ምርጫ ነው፤ በምርጫው የሚጠቀመው ግን ቤትና ውርስ ያለው ነው።

የውርስ ግብር አለመኖሩ በስታቲስቲክሱም ላይ ጠባሳ ትቷል። በሌሎች አገሮች የሀብት ተመራማሪዎች የሚሠሩት ከውርስ ፋይሎች ነው። በእስራኤል እንዲህ ያለ ፋይል የለም። አብዛኛው ተቀጣሪም ግብሩ ከደሞዙ ስለሚቆረጥ የዓመት መግለጫ አያቀርብም፤ ስለዚህ ያለውን ንብረት የሚዘረዝርበት ቅጽ በእጁ አይገባም። ከ2012 ጀምሮ ላማስ ተመሳሳይ ቤተሰቦችን ከዓመት ዓመት የሚከታተል ጥናት እያካሄደ ስለ ንብረትና ዕዳም ይጠይቃል፤ ለትንሽ ማኅበረሰብ ግን የናሙናው ችግር እዚህም ይከተላል። ሀብት በተለካባቸው አገሮች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ የሀብት ልዩነት ከገቢ ልዩነት ይሰፋል። በኦኢሲዲ አገሮች በአማካይ ከላይ ያሉት አሥር በመቶ ቤተሰቦች የጠቅላላውን ሀብት ግማሽ ያህል ይዘዋል።

ለሠራተኛ የሚመለስ ገንዘብም አለ። ዝቅተኛ ደሞዝ ላላቸው ልጅ ላላቸው ሠራተኞችና ዕድሜያቸው 55 ለሞላ የሚሰጠው የሥራ ስጦታ፣ ማዓናክ አቮዳ፣ በ2008 በተወሰኑ አካባቢዎች ተጀምሮ ኋላ በአገሩ ሁሉ ተዳርሷል። ጠያቂው ከአንድ ቤት በላይ እንዳይኖረው ይፈለጋል። ስጦታው ግን የሚመጣው ለጠየቀ ነው እንጂ፣ ስለተገባው ብቻ በራሱ አይመጣም። ስለዚህ በበጀት መጽሐፉ ላይ የተጻፈውና በዳሌት ሰው ሒሳብ ላይ የሚገባው የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው።

በመንግሥት ወጪ ላይም ያው ልዩነት አለ። የበጀት ቁጥር ሦስት መልክ ይይዛል፤ የታወጀው፣ የተፈቀደውና በተግባር የወጣው። በዜና የሚሰማው የመጀመሪያው ነው። ስለ ኢትዮጵያውያን የሚወጡ የመንግሥት ውሳኔዎች ሲነበቡ ደግሞ አራተኛ ጥያቄ ይነሣል፤ ከተባለው ገንዘብ ስንቱ አዲስ ነው፣ ስንቱስ ከሌላ ርዕስ ተነሥቶ ስሙ የተቀየረ? የመንግሥት ተቆጣጣሪው በ2013 ባወጣው ሪፖርት የኢትዮጵያውያንን መቀላቀል በሚመለከቱ ዕቅዶች አፈጻጸም ላይ ከባድ ጉድለት አግኝቷል። ከ2015 የጎዳና ተቃውሞ በኋላ የተስፋፋው “አዲስ መንገድ” የተባለው የመንግሥት ዕቅድ ሐሳቡ የተለየ ነበር፤ ለኢትዮጵያውያን ብቻ የተለየ ፕሮግራም ከማብዛት፣ እያንዳንዱ ሚኒስቴር በመደበኛ አገልግሎቱ ውስጥ እንዲያስተናግዳቸው። ሐሳቡ ለክብር ይበጃል፤ ተለይቶ መደገፍ ያደክማል፤ ስም ያወጣል። ለቆጣሪ ግን ያስቸግራል። ገንዘቡ በሚኒስቴሮች ባሕር ውስጥ ሲገባ የኢትዮጵያዊው ልጅ ድርሻ ስንት እንደሆነ ተለይቶ አይታይም።

ሰፈሩን በጸጥታ የሚነካው ትልቁ ገንዘብ የሚመጣው ማኅበረሰቡን ስሙን ሳይጠሩ በሚያከፋፍሉ ቀመሮች ነው። የአገር ውስጥ ሚኒስቴር ለደካማ ማዘጋጃ ቤቶች የሚሰጠው የማመጣጠኛ ስጦታ አንዱ ነው፤ ሲሰላ የከተማዋ እንጂ የሰፈሩ ድህነት አይታይም። ሌላው የትምህርት ሚኒስቴር ለትምህርት ቤቶች ተጨማሪ ሰዓት የሚያከፋፍልበት የድጋፍ መለኪያ ነው። በእሱ 40 በመቶው ክብደት የወላጆች ትምህርት ነው፤ የነፍስ ወከፍ ገቢ፣ የትምህርት ቤቱ ከመሐል አገር ርቀትና የተማሪው ከችግረኛ አገር መምጣት 20 20 በመቶ ይይዛሉ። መጻፍና ማንበብ ያልተማሩ ወላጆች ልጅ ብዙ ነጥብ ያመጣል። ያ ልጅ አድጎ፣ ዲግሪ ይዞ፣ በዚያው ሰፈር በኪራይ ቢኖር፣ የእሱ ልጅ ነጥቡ ይቀንሳል፤ ትምህርት ቤቱም ሰዓት ያጣል። የቀመሩ አባቶች ስሕተት ሠርተዋል ማለት አይደለም፤ ትምህርት ሲጨምር ችግር ይቀንሳልና። ነገር ግን ቀመሩም እንደ ሌሎቹ ጥሪትን አያይም።

የኢትዮጵያውያኑ ቤተሰቦች ጥሪት የት ቀረ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከእስራኤል ይጀምራል ማለት ስሕተት ነው። ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) በጎንደርና በአካባቢው ለብዙ ዘመን የርስት ባለቤትነት ተነፍጓቸው ኖረዋል። በሌላው ገበሬ ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ዋናው ሀብት መሬት በነበረበት አገር፣ እነሱ በጭሰኝነት እያረሱ፣ በብረት ሥራ፣ በሸክላና በሽመና እየተዳደሩ ኖሩ። የእጅ ሙያ ይወረሳል፤ ባንክ ግን ዋስትና አድርጎ አይቀበለውም። የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው የ1975ቱ አዋጅ የማረስ መብት ሰጣቸው፤ ያንን ያገኙ ብዙዎች ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ ሱዳን በእግር ሲሄዱ ትተውት ሄዱ። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ሲመጡ፣ ከልብሳቸው በቀር የያዙት እምብዛም አልነበረም። የእነዚህ ቤተሰቦች የሀብት ሒሳብ በእስራኤል የሚጀምረው ከዜሮ ነው።

በቤር ሼቫ ብዙዎች በመጀመሪያ ያረፉት በናሐል ቤካ የካራቫን ሰፈር ነበር። መንግሥት ካራቫኖቹን ባዶ ለማድረግ በ1993 ለኢትዮጵያውያን ኦሊም የተለየ ማሽካንታ አቀረበ፤ አብዛኛው ክፍል ስጦታ፣ የቀረው ብድር ነበር። በአገሩ ከተሰጡት የቤት ዕርዳታዎች ሁሉ ለጋሱ ይህ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ብዙ ቤተሰብ ሥራ ሳይኖረው ባለቤት ሆኗል። ጣሪያው ግን የተወሰነ ስለነበር የሚገዛው ርካሽ አፓርታማ ነው፤ ርካሽ አፓርታማ ያለው ደግሞ አሮጌ ሽኩኖች ባሉበት ሰፈር ነው። የኢትዮጵያውያን በተወሰኑ ሰፈሮች መከማቸት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በኋላ የቤት ዋጋ ከ2008 ጀምሮ በአገሩ ከእጥፍ በላይ ሲወጣ፣ በ1990ዎቹ የገዙት ሳይታወቃቸው ጥሪት አከማቹ። ሆኖም በመቶኛ እኩል ጭማሪ በገንዘብ እኩል አይደለም፤ በቴል አቪቭ 3,000,000 ሸቀል የነበረው ቤት በሃያ በመቶ ሲጨምር ባለቤቱ 600,000 ያገኛል፤ በደቡብ 700,000 የነበረው ሲጨምር 140,000።

ያን ጊዜ ያልገዙት፣ ወይም ኋላ የመጡት፣ በሌላ ዓለም ውስጥ ናቸው። የእስራኤል ባንክ መመሪያ ለመጀመሪያ ቤት ገዢ ከዋጋው እስከ 75 በመቶ ብቻ እንዲበደር ይፈቅዳል። ለ1,000,000 ሸቀል አፓርታማ 250,000 ሸቀል በእጅ ሊኖር ይገባል። በወር 1,500 የሚቆጥቡ ወጣት ባልና ሚስት ያን ለማከማቸት ወደ 14 ዓመት ይፈጅባቸዋል። በአገሩ የብዙ ወጣት ባለትዳሮች መፍትሔ የወላጅ እጅ ነው። የዳሌቱ ኢንጂነርና የዖሜሩ ኢንጂነር ትሉሻቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ በገቢ ስታቲስቲክስ በአንድ ዓምድ ይሰፍራሉ። አንደኛው ለወላጆቹ በየወሩ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከወላጆቹ ይቀበላል። ይህ ዝውውር በየትኛውም የላማስ ሰንጠረዥ ላይ በማኅበረሰብ ተለይቶ ጎልቶ አይወጣም።

ጡረታም የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው። የግዴታ የጡረታ ቁጠባ ለሠራተኛው ሁሉ የደረሰው በጥር 2008 ነው። በ1985 መጥቶ ከ2008 በፊት በፋብሪካና በጽዳት ለሃያ ዓመት የሠራ ሰው፣ ቀጣሪው በውል ካልከፈለለት በቀር፣ ለእነዚያ ዓመታት ፈንድ የለውም፤ በእርጅናው የሚጠብቀው የቢቱዋሕ ለኡሚን አበል ነው። በአሚዳር ቤቶች የሚኖሩ ተከራዮች ቤታቸውን በቅናሽ እንዲገዙ የሚፈቅደው ሕግ በ1998 ወጥቶ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ለዓመታት ታግዶ ቆየ፤ በ2013 ዳግም ሲከፈት ብዙ ተከራይ አርጅቶ ነበር፤ የመበደር ዕድሜውም አልፎ ነበር።

ጥሪትን ከልደት ጀምሮ የሚነካው የመንግሥት ወጪ በጥር 2017 የተጀመረው ለእያንዳንዱ ልጅ የሚደረግ ቁጠባ ነው። ቢቱዋሕ ለኡሚ ለአገሩ ልጅ ሁሉ፣ የሀብታም ይሁን የድሃ፣ በስሙ በየወሩ 50 ሸቀል ማስቀመጥ ጀመረ፤ መጠኑ ከዚያ ወዲህ ጥቂት ጨምሯል። ወላጅ ከልጆች አበል ላይ ሌላ 50 እንዲጨመር ማዘዝ ይችላል። ባንክ ወይም የቁጠባ ፈንድ የመምረጥ መብቱም የወላጅ ነው፤ ካልመረጠ ቢቱዋሕ ለኡሚ ይመርጥለታል። ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው፣ ትርፉ ሳይታሰብ፣ በ50 ሸቀል ብቻ 10,800፣ በ100 ሸቀል 21,600 ይደርሳል። ለአፓርታማ ቅድሚያ ክፍያ ሩብ መንገድ እንኳ አይደርስም። በስታቲስቲክስ በኩል ግን አዲስ ነገር አለው፤ ስለ ሕፃናት ጥሪት በአንድ መሥሪያ ቤት የተያዘ፣ ናሙና የማያስፈልገው፣ እስከ ሰፈር ወርዶ ሊታይ የሚችል መዝገብ ነው። ማን ወላጅ መረጠ፣ ማን 50 ጨመረ፣ የማን ልጅ ገንዘብ ዝቅተኛ ትርፍ በሚሰጥ ሒሳብ ቀረ የሚለው በዳሌትና በዖሜር ጎን ለጎን ሊነበብ ይችላል። በ2017 የተወለዱት ገንዘባቸውን ለማውጣት የሚበቁት በ2035 ነው።